ወተቱን ከሻያችሁ አታውጡት፤ ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ስለ ሻይ በወተት ነው። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ወተት ሻይ ላይ ሲጨመር የሻዩን ጥቅም ሙሉ በሙሉ ያጠፋል ይላል። ይህንን የጀርመን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል ይላል። እንግሊዞች ያን ሁሉ ሻይ እየጠጡ ምንም ያልጠቀማቸው በወተቱ ምክንያት ነው ይላል። ሻዩ በበኩሉ የወተቱን ካልሲየም ያበላሻል፣ ሁለቱ ሲገናኙ የኩላሊት ጠጠር ይፈጥራሉ፣ ደም ማነስም ያመጣሉ ብሎ ይቀጥላል። ማሳረጊያው ምክር ነው፦ ወተቱን ተዉት፤ ጥቁር ሻይ ከምግብ ጋር ጠጡ፤ ለልጆቻችሁም ጠዋት ጠዋት በሻይ በወተት ፋንታ ጥቁር ሻይ በዳቦ ስጧቸው።

ከምክሩ በፊት ያለው ሁሉ ስህተት ቢኖርበትም ብዙ ሰው አይጎዳም። ምክሩ ግን ይጎዳል። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው።

አክስቴ ይህ ጽሑፍ ከተነበበላት ጀምሮ ወተት ትታለች። ዕድሜዋ ከስልሳ አልፏል። ወተት ብቻውን አይስማማትም፤ አይብም እርጎም እምብዛም አትወድም። በቀን የምታገኛት ወተት ጠዋት ሻይዋ ላይ የምትጨምራት ነበረች። እሷን አሁን ቀርታለች። እንደ እሷ ያሉ እናቶች ስንት እንደሆኑ አስቡት። ጽሑፉን ያስተላለፉት ሰዎች ለበጎ ብለው እንደሆነ አልጠራጠርም። ጸሐፊውም ለሰው አስበው የጻፉ ይመስለኛል። ስለዚህ ያሉትን ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ የጀርመኑን ጥናት እንውሰድ፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና።

ጥናቱ በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በበርሊኑ የቻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ተሠርቶ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ወጥቷል። የወር አበባቸው የቆመ 16 ጤነኛ ሴቶች ተሳትፈውበታል። ሴቶቹ በተለያየ ቀን ግማሽ ሊትር ጥቁር ሻይ፣ አንድ አሥረኛው ያህል ቅባቱ የወጣለት ወተት የተጨመረበት ሻይ፣ ወይም የፈላ ውሃ ብቻ ጠጡ። ከዚያ ክንዳቸው ላይ ያለው ደም ሥር በአልትራሳውንድ ተለካ። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ክንድ የደም ግፊት እንደሚለካ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ደም ለጥቂት ደቂቃ ይታገታል፤ ከዚያ ይለቀቃል። ጤነኛ ደም ሥር ደሙ በኃይል ሲመለስ ሰፋ ይላል። ምን ያህል ሰፋ የሚለው ነው የሚለካው። ሻይ ብቻ የጠጡ ቀን ከሁለት ሰዓት በኋላ ደም ሥራቸው ይበልጥ ሰፋ። ወተት የገባበትን የጠጡ ቀን ግን ያ ለውጥ አልታየም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ካዜይን የተባለው የወተት ፕሮቲን ካቴቺን ከሚባሉት የሻይ ንጥረ ነገሮች ጋር ሲጣበቅ አገኙት።

ጥናቱ ጥሩ ነው። ተመራማሪዎቹም ያዩትን ነው የጻፉት። ጥያቄዬ ከዚህ ጥናት ተነስቶ «ወተት የሻይን ጥቅም ሙሉ በሙሉ ያጠፋል» ማለት ይቻላል ወይ የሚል ነው። በፍጹም አይቻልም። የተፈተኑት 16 ሰዎች ናቸው። የተለካው አንድ ነገር ነው፤ የክንድ ደም ሥር ስፋት። የተለካውም ከጠጡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሻይ በወተት የጠጣ ሰው ልቡ ምን እንደሚሆን ይህ ጥናት አልጠየቀም፤ ስለዚህም አልመለሰም። ስለ ጥርስ፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ሌላው ጥቅም አንድም ነገር አላለም። ጸሐፊው አንዲትን መስኮት አይተው ስለ ቤቱ ሁሉ ፈርደዋል።

ደግሞም ጥናቱ ብቻውን አይደለም። ከእሱ በፊትም ከእሱ ጋርም የወጡ አሉ። ጽሑፉ አንዳቸውንም አላነሳም። እ.ኤ.አ. በ1996 ጣሊያን ውስጥ በ5 ሰዎች ላይ የተሠራ ሙከራ ወተት የሻይን አንቲኦክሲደንት ኃይል፣ ማለትም ሴሎችን ከጉዳት የመጠበቅ አቅሙን፣ በደም ውስጥ እንዳይታይ አድርጎታል ብሎ ነበር። ይህም ለጸሐፊው የሚደግፍ ነው፤ መጥቀስ ይችሉ ነበር። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ሆላንድ ውስጥ የተሠራው ሙከራ ተቃራኒውን አሳየ። ጥቁር ሻይ ብቻ የጠጡና በወተት የጠጡ ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው ካቴቺን ያው ነበር። በ2000 በ21 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራም ወተት በደም ውስጥ ያለውን የአንቲኦክሲደንት ጭማሪ አልቀነሰም። በ2001 ደግሞ ፍላቮኖል የተባሉት የሻይ ንጥረ ነገሮች ወተት ኖረም አልኖረም እኩል ወደ ደም እንደሚገቡ ታየ። የጀርመኑ ጥናት በወጣበት በ2007 ስኮትላንድ ውስጥ አበርዲን ላይ በ9 ሰዎች የተሠራውም ወተት ለውጥ አላመጣም ብሏል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሻይ ከሚሸጥ ኩባንያ ቤተ ሙከራ የወጡ ናቸው። ያንን አንባቢ ማወቅ አለበት። ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ 5 ሰው፣ 9 ሰው፣ 16 ሰው፣ 21 ሰው። ግን የአንድ ወገን ትንሽ ጥናት ማስረጃ ከሆነ የሌላውም ትንሽ ጥናት ማስረጃ ነው። አንዱን አንስቶ ሌላውን መደበቅ ልክ አይደለም።

አበርዲን ላይ የታየ አንድ ነገር ግን ለእኛ ይጠቅማል። ሻይ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ከወተቱ ይልቅ ብዙ ይለውጣል። በዚያ ሙከራ ጥሩ ውጤት የታየው 7 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ነው። የሻይ ከረጢቱን ሁለት ጊዜ ነከር አድርጎ የሚያወጣ ሰው፣ ወተት አልጨመርኩም ብሎ ቢመካም፣ ብዙውን ነገር ቅጠሉ ውስጥ ትቶት ነው የሄደው። በዚህ በኩል የእኛ ቤት ሻይ ጥሩ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ ጋር ይፈላል፤ በደንብ ይወጣል።

ግን የካዜይንና የካቴቺን መጣበቅስ? ይህ እውነት ነው፤ እናንተም በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ወፍራም ጥቁር ሻይ ብርጭቆ ላይ ቅዱ። አንድ ጊዜ ቅመሱት። ምላስን ይይዛል፤ ድድን ጭምድድ ያደርጋል። አሁን ወተት ጠብ አድርጉበት። ወተቱ መጀመሪያ እንደ ደመና ይወርዳል፤ ከዚያ ሻዩ ቡናማ ይሆናል። መልሳችሁ ቅመሱት። ያ የሚይዝ ስሜት ጠፍቷል። ለምን? ጥቁር ሻይ አፍ ውስጥ የሚይዘው ፖሊፊኖሎቹ (ካቴቺንን የመሳሰሉት የሻይ ንጥረ ነገሮች) ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቁ ነው። ወተት ሲገባ ካዜይኑ ቀድሞ ያገኛቸዋል። ከላም ወተት ፕሮቲን አምስት እጅ አራቱ ያህል ካዜይን ነው።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ያቆማል። ሰውነት ግን እዚህ አያቆምም። ካዜይን ምግብ ነው። ጨጓራ ውስጥ ሲገባ አሲዱና ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ይቆራርጡታል። አንጀት ውስጥ ሌሎች ኢንዛይሞች ይቀበሉታል። ካዜይኑ ሲፈርስ ይዞት የነበረው ነገር ይለቀቃል። የምግብ መፈጨትን በሚያስመስሉ የቤተ ሙከራ ሥራዎችም ይኸው ታይቷል፦ ወተት የገባበት ሻይ ካቴቺን «ከተፈጨ» በኋላ መልሶ ተገኝቷል። ወተቱ የሻዩን ጣዕም በብርጭቆው ውስጥ ቢያለዝበውም ሆድ ውስጥ ሲደርስ ነገሩ ሌላ ነው። የሆላንዱም የአበርዲኑም ውጤት የሚገጥመው ከዚህ ጋር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የእንግሊዞቹ ነው። ጸሐፊው «ያን ሁሉ ሻይ ጠጥተው ምን አተረፉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልስ አለው፤ ያውም በጣም ትልቅ ጥናት። ዩኬ ባዮባንክ በሚባለው የእንግሊዝ የጤና መዝገብ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አወጡ። አብዛኛው ሻይ ጠጪ ነው፤ የሚጠጣውም በብዛት አረንጓዴውን ሳይሆን የተለመደውን የሻይ ቅጠል ነው፤ ወተት ይጨመርበትም አይጨመርበት። በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ የሚጠጡት ሻይ ከማይጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከ9 እስከ 13 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ጸሐፊው የጠየቁትን ራሱን ጠየቁ። ወተት የሚጨምሩትስ? ወተት የሚጨምሩትም ልዩነቱ ያው ነበር።

ይህ ጥናት ሻይ ዕድሜ ያረዝማል ብሎ አያረጋግጥም። ሻይ የሚጠጣ ሰው በሌላ ነገርም ከማይጠጣው ሊለይ ይችላል። የማይካደው ግን አንድ ነገር ነው። ወተት የሻይን ጥቅም ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ወተት ጨማሪዎቹ ለየት ብለው መታየት ነበረባቸው። አልታዩም። የ16 ሰው የሁለት ሰዓት መለኪያ በአንድ ወገን፣ የግማሽ ሚሊዮን ሰው የ11 ዓመት ክትትል በሌላ ወገን ሲቆሙ ጸሐፊው የመጀመሪያውን ብቻ መምረጣቸው ውሃ የሚያነሳ ምክንያት የለውም።

ሦስተኛ፣ «ሻይ የወተቱን ካልሲየም ያበላሻል» የሚለው። ይህንን ሳነብ አክስቴ ናት ትዝ ያለችኝ፤ እሷን ያስፈራት ይህ መስመር ነውና። ለአጥንቷ ስትል የምትጠጣው ወተት ከንቱ ቀረ ብላ አመነች። ካልሲየም ማዕድን ነው። በሻይ አይጠፋም፤ በመፍላትም አይተንም። ግማሽ ብርጭቆ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር ያህል የላም ወተት ወደ 120 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። አንድ አዋቂ በቀን 1000 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ትንሽ ናት፤ ግን ሌላ ወተት ለማይቀምስ ሰው ትንሿም ትልቅ ናት። ሻይ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ከካልሲየሙ ጥቂቱን ይይዝ ይሆናል፤ ጥቂቱን ነው። አብዛኛው እንዳለ ነው።

አጥንትን በተመለከተ ደግሞ ካምብሪጅ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 76 የሆነ 1256 ሴቶች ተጠንተዋል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሻይ ጠጪዎቹ ከማይጠጡት የተሻለ የአጥንት ጥንካሬ ልኬት ነበራቸው። ወተት መጨመር አለመጨመር ያንን አልለወጠውም። እዚያም ቢሆን ወተቱ አልጎዳም።

አራተኛው የኩላሊት ጠጠር ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ነገሩን ገልብጦታል። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ከካልሲየምና ከኦክሳሌት የሚሠራ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ሻይ ኦክሳሌት አለው፣ ወተት ካልሲየም አለው፣ ሁለቱን ስታገናኙ ጠጠር ትሠራላችሁ» ብለው ደመሩ። ድምሩ ልክ የሚመስለው ሁለቱ የሚገናኙት ኩላሊት ውስጥ ነው ብለን ካሰብን ነው። የሚገናኙት ግን ብርጭቆውና አንጀቱ ውስጥ ነው። እዚያ ሲጣበቁ ኦክሳሌቱ ወደ ደም መግባት ያቅተውና ከሰገራ ጋር ይወጣል። ኩላሊት ጋ አይደርስም። ወተት ሳይኖር የሚጠጣው ጥቁር ሻይ ነው ኦክሳሌቱ እንደልቡ የሚገባበት።

ጠጠር ያለባቸውን ሰዎች «ካልሲየም ቀንሱ» ማለት ድሮ የተለመደ ምክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የጣሊያን ጥናት ያንን አስቀየረ። ጠጠር የሚመላለስባቸው 120 ወንዶች ለ5 ዓመት ተከታትለዋል። ግማሾቹ ካልሲየም ቀነሱ። ሌሎቹ ካልሲየሙን እንደ ወትሮው እየበሉ ጨውና ሥጋ ቀነሱ። ጠጠሩ የተመለሰባቸው ሰዎች ቁጥር በሁለተኛው ቡድን በግማሽ ያህል አነሰ። ስለዚህ ጠጠር ያለበት ሻይ ወዳድ ሰው ይህንን ጽሑፍ አንብቦ ወተቱን ቢተው፣ ከሚጠቅመው ወደሚጎዳው ነው የሄደው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የራሱን ሐኪም ይጠይቅ፤ የቴሌግራም ጽሑፍ አይበቃውም።

አሁን ወደ ደም ማነሱ ልምጣ። ጽሑፉ ከእውነት ጋር የሚቀራረበው እዚህ ላይ ነው፤ በጣም የሚያሳስበኝም እዚሁ ነው።

ሻይ አይረንን፣ ማለትም ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ማዕድን፣ ይዞ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ይህ አከራካሪ አይደለም። ከሥጋ የሚገኘውን አይረን ብዙም አይነካውም። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘውን ግን የሻይ ፖሊፊኖሎች አንጀት ውስጥ ያዝ አድርገው እንዳይገባ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ሰዎች ዳቦ ሲበሉ አብረው ጥቁር ሻይ ጠጡ። ከዳቦው ወደ ሰውነታቸው የሚገባው አይረን በ79 ከመቶ እስከ 94 ከመቶ ቀነሰ። ዳቦ በሻይ፤ ጸሐፊው ለልጆቻችሁ ስጡ ያሉት ራሱ ማለት ነው። በዚያው ጥናት ወተትም ተፈትኗል። ሻዩ ላይ ወተት መጨመሩ ይህንን እምብዛም አልለወጠውም። አላባሰውም፤ አላዳነውምም። እንግዲህ ደም ማነሱ ከመጣ የሚመጣው ከሻዩ ነው። ወተቱን አውጥቶ ሻዩን ከምግብ ጋር ጠጡ ማለት ችግሩን እዚያው ትቶ የሚጠቅመውን ማንሳት ነው።

የእኛን ማዕድ ደግሞ አስቡት። እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር፣ ንፍሮ፣ ቂጣ። አይረናችን በብዛት የሚገኘው ከእህልና ከጥራጥሬ ነው፤ ሻይ የሚነካው ዓይነት ማለት ነው። በጾም ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ምንጭ የለም። እጃችንን ሳንታጠብ ሻይ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው በኢትዮጵያ ከ6 እስከ 59 ወር ከሆናቸው ሕፃናት 57 በመቶዎቹ ደም ማነስ ነበረባቸው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶዎቹም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ከሻይ የመጣ ነው አላልኩም። ወባ አለ፣ የአንጀት ትል አለ፣ የምግብ እጥረት አለ። ግን ከመቶ ሕፃናት 57ቱ ደማቸው ያነሰበት አገር ውስጥ «ለልጆቻችሁ ቁርስ ላይ ጥቁር ሻይ በዳቦ ስጧቸው» ብሎ መጻፍ ከባድ ነገር ነው።

ብዙ ቤት ለልጅ ሻይ የሚሰጠው ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ያንን አውቃለሁ፤ ማንንም እናት መውቀስ አልፈልግም። ለትንሽ ልጅ ሻይ ባይሰጥ ይመረጣል። ወተት ያለው ቤት ወተቱን አፍልቶ ብቻውን ይስጥ። ወተት ከሌለ አጥሚት ይሻላል፤ የፈላ ውሃም ይሻላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ሻይም የላም ወተትም መጠጡ መሆን የለበትም፤ የእናቱ ጡት ነው። ከዓመት በላይም ቢሆን ልጁ ሌላ ምግብ እስኪጠላ ድረስ ወተት ማብዛት ራሱ አይረን ያሳጣል፤ ወተት አይረን የለውም ማለት ይቻላልና።

ለአዋቂው መፍትሔው ቀላል ነው። ሻዩን ከምግብ አርቁት። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይና ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣ ሻይ ተነጻጽረው ነበር። አንድ ሰዓት ሲቆዩ የአይረኑ ጉዳት በደንብ ቀነሰ። ምሳ በልታችሁ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ሻዩን በእረፍት ሰዓት ጠጡት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁና የአይረን እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ እንክብሉን በሻይ አትዋጡት፤ በወተትም አትዋጡት። በውሃ ወይ በብርቱካን ጭማቂ ዋጡት። ቫይታሚን ሲ አይረን እንዲገባ ያግዛል። ሻይ ላይ ሎሚ የሚጨምሩ ሰዎችም በዚህ በኩል ጥሩ ያደርጋሉ።

ጽሑፉ ይህን ሁሉ ስለ ወተት ሲያወራ ስለ ስኳር አንድ ቃል አለመናገሩ ገርሞኛል። ቁጭ ብላችሁ የአንድ ሻይ ቤት ብርጭቆ ተመልከቱ። ሻዩ ተጠጥቶ ሲያልቅ ሥሩ ላይ ያልሟሟ ስኳር ይቀራል። ብርጭቆዋ ትንሽ ናት፤ ሦስት ማንኪያ ግን ይገባባታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በቀን ሦስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው በሻይ ብቻ 36 ግራም ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይሻላል ይላል፤ ስድስት ማንኪያ ገደማ ነው። ያውም ለስላሳው፣ ኬኩ፣ ብስኩቱ ሳይቆጠር። ጤና የሚያሳስበው ሰው ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ካሉት ነገሮች መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ስኳሩን ነው። ወተት ደግሞ እዚህ ያግዛል። የሚይዘውን ስሜት ስለሚያለዝበው ሻዩ ባነሰ ስኳር ይጠጣል።

በዚህ አጋጣሚ በዱባይ፣ በዶሃ፣ በኩዌት ለምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች አንድ ነገር ልበል። እዚያ ካራክ የሚባለውን ሻይ በቀን ብዙ ጊዜ እንደምትጠጡ አውቃለሁ፤ ከሥራ ድካም ጋር ደስ ይላል። ካራክ በተለመደው መንገድ ሲሠራ ወፍራም የቆርቆሮ ወተትና ብዙ ስኳር አለው። ስኳር ተጨምሮበት የሚመጣው ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ከሆነማ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። እዚህ ላይ «ሻይ በወተት አይጎዳም» ያልኩት አይሠራም። ችግሩ ወተቱ ሳይሆን አብሮት የመጣው ስኳር ነው። ስታዘዙ ስኳር ይቀነስልኝ በሉ።

ሌላው ጽሑፉ የዘለለው ሙቀት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትኩስ የሆነ መጠጥ መጠጣት የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል አስታውቋል። መጠጡ ምንም ይሁን፤ ሻይ፣ ቡና፣ ውሃ። ጉዳቱ የትኩሳቱ ነው። እኛ አገር አርሲና ባሌ አካባቢ ይህ ካንሰር ከሌላው ቦታ በርከት ብሎ እንደሚታይ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ትኩስ ምግብና መጠጥም ከሚጠረጠሩት ውስጥ ነው። ሻዩ ከማንቆርቆሪያው እንደወጣ አፍ ላይ አይደረግ። ትንሽ ወተት ጠብ ሲል ሻዩ ቶሎ ይበርዳል፤ ይህም ለወተቱ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ስለ ወተት አንድ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ጸሐፊው ቢጽፉት ኖሮ አመሰግናቸው ነበር። ከሰፈር የሚገዛ ጥሬ ወተት ሳይፈላ ሻይ ላይ አይጨመር። ሻዩ ትኩስ ስለሆነ ይበቃዋል የሚሉ አሉ። አይበቃውም። ቀዝቃዛ ወተት ብርጭቆ ላይ ሲገባ ሻዩን ያበርደዋል እንጂ እሱ አይፈላም። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። መጀመሪያ ለብቻው ይፍላ፤ ወይም ጅግጅጋ አካባቢ እንደሚያደርጉት ከሻዩ ጋር አብሮ ድስት ውስጥ ይፍላ። እዚያ የግመል ወተት ከሻይ ቅጠሉና ከቅመሙ ጋር ይንተከተካል። ወተቱ በዝቶ ሻዩ ጥቂት ከሆነ ግን እንደ ወተት ቁጠሩት፤ ምግብ ነው።

ወተት የማይስማማው ሰው አለ። ሆዱን ይነፋዋል፣ ይጮህበታል፣ ያስቀምጠዋል። እሱ ጥቁር ሻይ ይጠጣ፤ ምንም አልቀረበትም። የሚጾም ሰው ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ለሚቀረው ጊዜ፣ ያለ ወተት ነው የሚጠጣው። እሱም ደህና ነው። ጥቁሩም ነጩም ሻይ የሚጠጣበት ሕዝብ ነን፤ አንዱን መርዝ ሌላውን መድኃኒት ማለት አያስፈልግም።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ጀርመኑ ጥናት ያሉትን ባያስተካክሉትም ግድ የለኝም፤ ሰው አንብቦ ይከራከርበታል። የመጨረሻዋን አንቀጽ ግን ያውጧት። «ለልጆቻችሁ ቁርስ ላይ ጥቁር ሻይ በዳቦ» የምትለዋን። ጽሑፉን ለሰው የላካችሁም ይህንን ምላሽ ባትልኩላቸው ግድ የለም፤ ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ራቅ እንደሚል፣ ለትንሽ ልጅ እንደማይሰጥና ወተቱ መፍላት እንዳለበት ብቻ በአንድ መስመር ጻፉላቸው። እኔም ለአክስቴ ዛሬ ማታ ደውዬ ወተቷን እንድትመልስ እነግራታለሁ።